ምትሃት በሣጥን ታሽጎ አይሸጥም፦ ስለ መድረክ ምትሃተኞች ለቀረበ ጽሑፍ ምላሽ

ስለ መድረክ ምትሃት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አይቼ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ምትሃት ማለት ሚስጥሩን ማወቅና ዕቃውን መግዛት ነው፤ ምትሃተኞች ስለ ረጅም ልምምዳቸው የሚያወሩት ትኬት ለመሸጥ ነው፤ የሚያስፈልገው ፈጣን እጅ ብቻ ነው፤ ትርኢቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ድንገተኛ ነገር አያጋጥምም፤ አደጋ የሚመስለው ሁሉ ማስመሰል ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሚስጥሩ በሙሉ በዩቲዩብ ስለተዘረገፈ ሙያው አብቅቶለታል። ጽሑፉ ቋንቋው ያማረ፣ ሲያነቡት የሚጥም ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ነጥቦች አብዛኞቹ ከእውነቱ የራቁ ናቸው። ይህን ጥበብ ለመማር የሚመኝ ወጣት ቢያምናቸው ገንዘቡንም ተስፋውንም ያጣል። ስለዚህ በየነጥቡ መልስ መስጠት ግድ ሆኖብኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ የምስማማበትን ላንሳ። ጸሐፊው በመግቢያቸው የመድረክ ምትሃት የጋኔን ሥራ ወይም መተት አይደለም ብለዋል። በዚህ ልክ ናቸው። ከልጅ ጆሮ ጀርባ ሳንቲም ያወጣን ሰው እንኳ «ይሄ ሰው ምን አለበት?» እያልን በምንጠረጥርበት አገር ይህን በግልጽ መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮትም በ1584 ባሳተመው መጽሐፍ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ሰዎች በጥንቆላ እየተከሰሱ በሚገደሉበት ዘመን፣ የሳንቲሙና የኳሱ ምትሃት፣ የተቆረጠ የሚመስለው አንገት ሳይቀር፣ እንዴት እንደሚሠራ ዘርዝሮ አስረዳ።

ችግሩ ቀጥሎ ያለው ነው። መንፈስ ካልሆነ ዕቃው ነው ብለው ደመደሙ። በሁለቱ መካከል ትልቅ ነገር ዘለሉ። በ1926 ራህማን ቤይ የተባለ ሰው ኒው ዮርክ ውስጥ በታሸገ ሣጥን ሆኖ ከውሃ በታች አንድ ሰዓት ያህል ቆየ፤ ይህን የቻልኩት ሰውነቴን ልዩ ሰመመን ውስጥ ከትቼ ነው አለ። ዝነኛው ምትሃተኛ ሃሪ ሁዲኒ ይህን ሲሰማ ሣጥን አሠርቶ አስቀድሞ ሞከረ። ሳይንቀሳቀስ፣ ሳይደነግጥ፣ ባጭር ባጭሩ መተንፈስን ተለማመደ። ከዚያም በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በሼልተን ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ በታሸገ ሣጥን 91 ደቂቃ ቆይቶ ወጣ። ዕድሜው 52 ነበር። ሲወጣም ሰመመን የሚባል ነገር የለበትም፣ የትንፋሽ ቁጥጥር ነው ብሎ አስታወቀ። እንግዲህ ጸሐፊው ይንገሩኝ፤ እዚህ ውስጥ የተገዛው ሚስጥር የቱ ነው? ሣጥኑ ሣጥን ነው። የሠለጠነው ሰውዬው ነው።

ሚስጥሩን ያወቀ ሰው ሁሉ ይሠራዋል ወደሚለው ዋና ነጥባቸው ልለፍ። ፔን እና ቴለር የሚባሉት አሜሪካውያን ጥንድ ምትሃተኞች አንዲት ቀይ ኳስ ሕይወት ያላት ይመስል ቴለርን እየተከተለች መድረኩን የምትዞርበት ትርኢት አላቸው። ከመጀመሩ በፊት ፔን ወጥቶ ለተመልካቹ በግልጽ ይናገራል፤ ይህ የሚሠራው በአንድ ክር ብቻ ነው ይላል። ሚስጥሩ በሩ ላይ ተሰጠ ማለት ነው። ተመልካቹ ግን ይህን ሰምቶም አፉን ከፍቶ ይቀራል። ቴለር ይህችን የደቂቃዎች ትርኢት ለማዘጋጀት አንድ ዓመት ተኩል ያህል ፈጅቶበታል፤ ሰው ከወጣ በኋላ በባዶ መድረክ ሲለማመድ ቆይቷል። ፔን መጀመሪያ ሲያየው አልወደደውም ነበር፤ ቴለር ግን አልተወውም። ክሩን ከመርካቶ በጥቂት ብር ማንም ይገዛዋል። ያንን አንድ ዓመት ተኩል ከየትኛው ሱቅ እንደምንገዛው ግን ጸሐፊው አልነገሩንም።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነበር። የዘመናዊ መድረክ ምትሃት አባት የሚባለው ፈረንሳዊ ዣን ኡዤን ሮበር-ሁዳን (1805–1871) በሙያው ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ሁዲኒም የመድረክ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። መሣሪያ በመሥራት ረገድ በዘመኑ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ዕቃ ብቻ ቢበቃ ኖሮ የሚበቃው ለእሱ ነበር። እሱ ግን በትዝታ መጽሐፉ እንደጻፈው፣ አራት ኳስ ወደ ላይ እየወረወረ ፊቱ የተዘረጋ መጽሐፍ ማንበብን ተለማመደ። ኳሱን እጁ ይቆጣጠር፣ ዓይኑና ሐሳቡ ለሌላ ሥራ ነጻ ይሁኑ ማለቱ ነው። ሰፊ ኪስ ያለው ካፖርት ለብሶ በመንገድ ሲሄድ፣ ኪሱ ውስጥ እጆቹ በሳንቲምና በካርታ ይለማመዱ ነበር። በ1846 ከልጁ ከኤሚል ጋር «ሁለተኛ እይታ» የተባለውን ትርኢት ከማቅረቡ በፊት ደግሞ አባትና ልጅ በፓሪስ ጎዳናዎች ከሱቅ መስኮት ፊት አንዴ ብቻ ቃኝተው ያልፉና ያዩትን ዕቃ ሁሉ በወረቀት ይዘረዝራሉ። ልጁ በአንድ እይታ በአሥሮች የሚቆጠሩ ዕቃዎችን እስኪይዝ ድረስ እንዲህ ሠሩ። ዓይኑ የታሰረ ልጅ ከተመልካች እጅ ያለውን ዕቃ ሲናገር የሚያየው ሕዝብ ከጀርባው ያለውን ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም።

ልምምድ የማስታወቂያ ወሬ ነው የሚለው ደግሞ ከሁሉ የደከመ ነጥባቸው ነው። የካርታ ምትሃተኛው ዳይ ቨርነን በ1932 ከላይ የሚያድል መስሎ ከካርታው መሃል እየሳበ ማደል የሚችል ሰው አለ የሚል ወሬ ሰማ። በሙያው ውስጥ የማይቻል ተብሎ የተተወ ነገር ነበር። ቨርነን ሰውዬውን ፍለጋ ከካንሳስ ተነሥቶ ከከተማ ከተማ ሲጠይቅ ቆይቶ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ አገኘው። አለን ኬኔዲ ይባላል፤ ምትሃተኛ ሳይሆን ቁማርተኛ ነው። ይህን ጥበብ ለዓመታት ብቻውን ሲለማመድ የኖረ ነው። ኬኔዲ ትኬት አይሸጥም። መለማመዱን ሰው ቢያውቅበት ኑሮው ይበላሻል፣ ምናልባትም ይደበደባል። ማስታወቂያ የማይፈልገው ይህ ሰው ለማን ብሎ ነው የሚለማመደው? እጁ ሌላ መንገድ ስለሌለው ነው።

«እጅ ከዓይን ይፈጥናል» ወደሚለው ስንመጣ፣ ይህን የሚያምኑት ጸሐፊው ብቻ ስላልሆኑ ትንሽ ልቆይበት። አርጀንቲናዊው ረኔ ላቫንድ (1928–2015) በዘጠኝ ዓመቱ በመኪና አደጋ ቀኝ እጁን አጣ። የካርታ መጻሕፍት ሁሉ የተጻፉት ሁለት እጅ ላለው ሰው ነው። ስለዚህ በግራ እጁ ብቻ መበወዙንም፣ መክፈሉንም፣ መደበቁንም እንደ አዲስ ፈለሰፈ። ታዋቂው ትርኢቱ ሦስት ቀይና ሦስት ጥቁር ካርታ እያፈራረቀ ያስቀምጥና እንደገና ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ተለይቶ ሲገኝ የሚታይበት ነው። በየዙሩ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ከዚህ በላይ ቀስ ማለት አይቻልም ይላል፤ ከዚያም ከዚያ ይብስ ቀስ ይላል። አንድ እጅ ያለው ሰው፣ በዝግታ፣ ካሜራ አፍንጫው ሥር ተደቅኖ። ፍጥነት ቢሆን ኖሮ ላቫንድ አንድ ምሽት እንኳ አይሠራም ነበር።

ጉስታቭ ኩን እና ማይክል ላንድ የተባሉ ተመራማሪዎችም ይህን በ2006 ፈትነውታል። ምትሃተኛው ኳስ ሁለቴ ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልባል፤ በሦስተኛው የወረወረ አስመስሎ ኳሱን መዳፉ ውስጥ ያስቀረዋል። ዓይኑን ወደ ላይ ሲሰድ፣ ከተመልካቾቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኳሷ ወደ ላይ ስትሄድ አየን አሉ። ያልተወረወረች ኳስ! ዓይኑን እጁ ላይ ሲተው ግን እንደዚያ ያሉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የእጁ እንቅስቃሴ አንድ ነው፤ የተለየው ወዴት እንዳየ ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ምትሃተኛ ከጣቱ ይልቅ ዓይኑን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ቃል የሚያወጣበትን ቅጽበት የሚያሠለጥነው። በመስታወት ፊት ብቻ የሚለማመድ ሰው ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ ይይዘዋል፤ ሳንቲሙን በሚደብቅበት ቅጽበት ሳያውቀው ዓይኑን ይጨፍናል። ራሱን እያታለለ ሰው ያታለለ ይመስለዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች ራሳቸውን በቪዲዮ ይቀርጻሉ፤ ካሜራው እነሱ ሲጨፍኑ አይጨፍንም።

ትርኢቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ ድንገተኛ ነገር የለም የሚለው ነጥባቸው ላይ ግን ከሁሉ በላይ መናገር እፈልጋለሁ፤ የሙያው ነፍስ ያለችው እዚህ ነውና። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳል። አዝማሪው ለገባው እንግዳ ሁሉ እዚያው ስሙንና ሁኔታውን አስገብቶ ይገጥምለታል፤ ግጥሙ የዚያች ደቂቃ ነው። ነገር ግን ቤት መምቻዎቹን፣ ለሙሽራ የሚባለውን፣ ለሚኮራ ሰው የሚባለውን፣ ለማይስቅ ሰው የሚባለውን ለዓመታት አከማችቶ ነው የመጣው። ምትሃተኛውም እንደዚሁ ነው። አንድ ተመልካች ካርታ ሲመርጥ፣ ያልታሰበውን ቢመርጥ የሚከፈት ሁለተኛ መንገድ፣ ያም ካልሆነ ሦስተኛ መንገድ ተዘጋጅቷል። ለዚህም ነው ምትሃተኞች ምን ሊያሳዩ እንደሆነ አስቀድመው የማይናገሩት፣ አንዱን ነገር ለዚያው ሰው ሁለቴ የማይደግሙት። መጨረሻው ካልተነገረ ተመልካቹ የትኛው መንገድ የመጀመሪያው እንደነበረ ማወቅ አይችልም። ጸሐፊው «ሁልጊዜ ይሳካላቸዋል፤ ስለዚህ ድንገተኛ ነገር የለም» ያሉት ከዚህ የመነጨ ነው። የሚያዩት መሳካቱን ነው፤ ያልተሳካውን ተመልካች እንዳያየው ማድረግ ራሱ የሥልጠናው ግማሽ ነው።

ከዚያ በላይ ደግሞ ቦታው አለ። ትርኢት ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲሄድ ከጎን የተቀመጠው ሰው የሚያየው ማዕዘን ይለወጣል፤ ፎቅ ካለ ከላይ የሚያይ ሰው አለ። መብራቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ከጀርባ ያለው መጋረጃ ምን ቀለም እንደሆነ፣ አየር ማቀዝቀዣው ወዴት እንደሚነፍስ ካልታየ ክር የሚጠቀም ሰው ይዋረዳል። እጅ ሲደርቅ ሳንቲም መዳፍ ውስጥ አይቆይም። ስለዚህ በር ከመከፈቱ ከሰዓታት በፊት ምትሃተኛው ቁጭ ብሎ የሚያየው መድረኩን ሳይሆን ወንበሮቹን ነው። ከዳር ወንበር፣ ከፊት ወንበር፣ ከመጨረሻው ረድፍ እየተቀመጠ ረዳቱን መድረክ ላይ ያቆማል። በትልልቅ ትርኢቶችማ ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። ፒ.ቲ. ሴልቢት በጃንዋሪ 1921 ለንደን ውስጥ ሴት በመጋዝ ለሁለት ሲከፍል ካሳየ ጀምሮ፣ በእንዲህ ዓይነቱ ትርኢት ሣጥን ውስጥ የምትገባዋ ረዳት ሰውነቷን ማጠፍ፣ በጨለማ ጊዜ መቁጠር፣ ሳይታይባት መተንፈስ አለባት። ጭብጨባውን የሚቀበለው ግን ውጭ የቆመው ነው። ይህ ኢፍትሐዊ ሆኖ ይሰማኛል፤ ጸሐፊውም ስለ ረዳቶች አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም።

ተመልካቾቹም አሉ። ወደ መድረክ የሚወጡት ሁሉ አስቀድሞ የተስማሙ ናቸው ይላሉ ጸሐፊው። እንዲህ የሚያደርጉ የሉም አልልም። አብዛኛው ባለሙያ የሚሠለጥነው ግን ሰው መምረጥን ነው። «እኔ! እኔ!» እያለ እጁን የሚያወዛውዘውን፣ የሰከረውን፣ ወዳጆቹን ሊያስቅ የተዘጋጀውን ይተዋል። ፈገግ ብሎ ሲያይ የቆየውን፣ ሲያዩት ዓይኑን የማይሰብረውን ይጠራል። የተጠራው ሰው ቢፈራ የሚያረጋጋበት፣ ቢያስቸግር ሳያዋርደው የሚመልስበት ቃል ተዘጋጅቶ ይቆያል።

ዝግጅት የጎደለው ድንጋጤ ምን እንደሚያደርግም ሮበር-ሁዳን ራሱ ጽፎታል። ጁላይ 3 ቀን 1845 በፓሪስ ፓሌ-ሮያል ቲያትሩን ሲከፍት ፍርሃት ያዘው፤ ንግግሩ ተጣደፈ፣ ድምፁ አንድ ዓይነት ሆነ። እጁ ዓመታት ሠልጥኖ ነበር፤ ሕዝብ ፊት መቆም ግን አልሠለጠነም ነበር። ሥራውን ለመተው ቆርጦ ማስታወቂያዎቹ እንዲነሡ አደረገ። የመለሰው የአንድ ወዳጁ አስተያየት ነው፤ ሲጀመርም ሐሳቡ የሞኝ ነበር የሚል ንግግር ሰምቶ እልህ ያዘው። ወደ መድረኩ ተመልሶ፣ ዝግ ብሎ መናገርን ከምሽት ምሽት ከሕዝቡ ፊት ተማረ። ይህን የሚያስተምር ሣጥን የለም።

አደጋው ሁሉ ማስመሰል ነው ለሚለው፣ ሦስት ምሽቶችን ልጥቀስ። ማርች 23 ቀን 1918 ለንደን ውድ ግሪን ኢምፓየር ውስጥ ቻንግ ሊንግ ሱ በሚል ስም እንደ ቻይናዊ ሆኖ የሚሠራው አሜሪካዊ ዊልያም ሮቢንሰን ጥይት በሳህን የሚቀልብበትን ትርኢት ሲያሳይ በእውነተኛ ጥይት ተመታ፤ በማግስቱም ሞተ። ምርመራው ያገኘው ይህን ነው፦ ጠመንጃው እውነተኛው ጥይት በአንድ ቱቦ እንዲቀር፣ ባሩዱ በሌላ ቱቦ እንዲፈነዳ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሮቢንሰን ከትርኢት በኋላ ጠመንጃውን ተኩሶ ማራገፍ ትቶ ከኋላው እየፈታ ጥይቱንና ባሩዱን ያወጣ ነበር። ይህ ልማድ በዓመታት ውስጥ መዝጊያውን አላላው፤ እሳቱ መድረስ ወደማይገባው ቱቦ ደረሰ። ለዓመታት መድረክ ላይ እንግሊዝኛ ተናግሮ የማያውቀው ሰው በእንግሊዝኛ መጋረጃውን አውርዱ አለ። ስለዚህ ዝግጅት የሚባለው መጋረጃው ከወረደ በኋላ መሣሪያውን ማጽዳትና መመርመርንም ይጨምራል። ኦክቶበር 3 ቀን 2003 ላስ ቬጋስ ውስጥ ምትሃተኛው ሮይ ሆርን ለዓመታት አብሮት በሠራ ነብር አንገቱን ተነከሰ፤ ከሞት ቢተርፍም ከሥራ ባልደረባው ከሲግፍሪድ ጋር ያቀርቡት የነበረው የዘወትር ትርኢት በዚያው ተዘጋ። ሁዲኒ ደግሞ በ1912 በርሊን ውስጥ ላሳየው፣ ቁልቁል ተሰቅሎ ውሃ በሞላበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ለሚገባበት ትርኢት ቤቱ ባለው ትልቅ ገንዳ ትንፋሹን መያዝ ይለማመድ ነበር፤ ትርኢቱ ሲካሄድም መጥረቢያ የያዘ ረዳት አጠገቡ ይቆማል። በኦክቶበር 1926 አልባኒ ውስጥ በዚሁ ትርኢት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ጉዞውን ግን አላቋረጠም፤ በወሩ መጨረሻ ዲትሮይት ውስጥ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሞተ። ሁዲኒን እጅግ አከብራለሁ፤ ታሞ መድረክ መውጣቱን ግን እንደ ጀግንነት ለወጣቶች መተረካችን ልክ አይመስለኝም። ማቆም ያለበትን ሰዓት ማወቅም የሙያው አካል ነው።

ስለ ዩቲዩብ ብዙ አልልም። ሚስጥር ሲገለጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ከላይ የጠቀስኩት የ1584ቱ መጽሐፍ አለ፣ በ1997ም ፊቱን የሸፈነ ምትሃተኛ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሚስጥሮችን አንድ በአንድ አሳይቷል። ፔን እና ቴለር በበኩላቸው የጥንቱን የጽዋና የኳስ ትርኢት ውስጡ በሚታይ ጽዋ ይሠሩታል። ኳሱ ሲገባ ይታያል፤ ሆኖም ዓይን ሊከተለው አይችልም።

ጸሐፊው በመጨረሻ ለጀማሪዎች የመከሩት ከውጭ አገር ውድ ዕቃ እንዲያስመጡ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድ ሳንቲም ይበቃል። መጀመሪያ ሳንቲሙን በእውነት ከቀኝ ወደ ግራ እጅህ አስተላልፍ፤ ደጋግመህ፣ ዓይንህ ወዴት እንደሚሄድ እያስተዋልክ። ከዚያ ሳታስተላልፍ ያንኑ እንቅስቃሴ ሥራ፤ ሁለቱን በስልክህ ቅረጽና ልዩነቱን ፈልግ። ስልኩን ፊት ለፊት ብቻ አታስቀምጥ፤ ከግራም ከቀኝም፣ ከወንበር ከፍታም ቅረጽ። ልዩነቱ ሲጠፋ እያወራህ ሥራው፤ ንግግርህ እዚያች ቅጽበት ላይ ከተሰናከለ ገና ነህ ማለት ነው። ለእናትህና ለወንድሞችህ ከማሳየትህ በፊት ሳንቲሙ ቢወድቅ ምን እንደምትል፣ «ሌላኛውን እጅህን ክፈት» ቢሉህ ወዴት እንደምትሄድ ወስን። ከዚያ በኋላ ለማያውቅህ አንድ ሰው አሳየው፤ ሲያይ ፊቱን ተመልከት፣ ዓይኑ የሄደበትን ቦታ ጻፍ፣ ማታ ያንን ቦታ ብቻ አስተካክል።